የአቶ ይቀመጥ ጎማዎች

በዚያ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ለሰው ቅጽል ስም የሚያወጣው ማን እንደሆነ በውል አይታወቅም፤ ያወጣው ስም ግን ሰውየው ላይ ልክክ ይላል። መካኒኩን «አቶ ይቀመጥ» ብሎ የሰየመውም ይኸው ያልታወቀ ሊቅ ነው። ሰውየው አዲስ ነገር እጁ በገባ ቁጥር ከአፉ የምትወጣው ቃል አንዲት ብቻ ነበረች። አዲስ መፍቻ ሲመጣለት፣ «ይቀመጥ»። አዲስ የሥራ ቱታ ሲሰጠው፣ «ይቀመጥ»። አሮጌው ቱታ ጉልበቱ ላይ አፉን ከፍቶ እየሳቀበት፣ አዲሱ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ጡረታውን ይጠባበቅ ነበር። ልጁ ከምትሠራበት ከተማ የላከችለት ሹራብም ከነላስቲኩ አለ። ሲሞት ይለብሰው ይሆናል።

ንፉግ ነው የሚሉት ይበድሉታል። ንፉግ የሚሰስተው ለሰው ነው፤ እሱ ግን የሚሰስተው ለዕቃው ነበር። አዲስ ነገር ሥራ ላይ ሊውል ሲል አንጀቱ አይችልም፤ ያ ንጹሕ ነገር ግራሶ ሊነካው፣ ሊቧጨር፣ ሊያረጅ ነው ብሎ ከልቡ ያዝንለታል። ዕቃ ሳይሠራም እንደሚያረጅ የነገረው ሰው የለም፤ ቢነግሩትም ጆሮ ዳባ ልበስ ማለቱ አይቀርም ነበር።

አባቱ ጫማ ሰፊ ነበሩ። በቆዳ ሽታ ውስጥ ተወልዶ በቆዳ ሽታ ውስጥ ስላደገ፣ ከእሳቸው የወረሰው ትልቅ እውቀት አንድ ነው፦ ቅባት ያላገኘ ነገር ይደርቃል፣ የደረቀም ይሰነጠቃል። ለቆዳ ትክክል ነው። ልጅየው ግን ዓለም በሙሉ ከቆዳ የተሠራች መሰለው። በር ሲጥ ሲጥ ቢል ቅባት፣ ተረከዙ ቢሰነጠቅ ቅባት፣ የጃንጥላው እጀታ ቢደበዝዝ ቅባት። ሚስቱ ስትኮሳተርበት ብቻ ምን እንደሚቀባ አያውቅም።

የሚጠግናት አውሮፕላን የካፒቴኑ ናት። ካፒቴኑ ከትልልቅ አውሮፕላኖች ጡረታ ወጥተው፣ ቤት መዋል አልሆንላቸው ቢል ይህችን ባለ አንድ ሞተርና ባለ አራት መቀመጫ አሮጊት የገዙ ሰው ናቸው። የሠራት ፋብሪካ በሩን ከዘጋ ቆይቷል። ሞተሩ ግድ የለም፣ ክንፉም ግድ የለም፤ ብረት ቢጎብጥ ይቃናል፣ ቢላላ ይጠብቃል። የአሮጌ አውሮፕላን ጣጣው ጎማው ነው። የበሩ ዙሪያ፣ የነዳጁ ክዳን ቀለበት፣ የፍሬኑን ዘይት የሚይዘው የጣት ቀለበት የሚያህል ክብ፣ ሁሉም ማንም ሳይሰማ በየፊናቸው እየደረቁ ይሞታሉ። የበሩን ጎማ አቶ ይቀመጥ ከአንድ አሮጌ ሚኒባስ በር ላይ ቆርጦ አለበሳት። በዝናብ ቀን ብቻ ካፒቴኑ በግራ ትከሻቸው ይርሳሉ፤ እሱም ቢሆን በበጋ የለም።

ምትክ የማይገኝለት አንድ ነገር ነበር። የፊተኛው እግሯ ሲያርፉ የሚያገኘውን ምት የሚውጠው በሞላ ወይም በዘይት አይደለም፤ መካከላቸው ቀዳዳ በሆነ፣ አንዱ በአንዱ ላይ በተደረደሩ ወፋፍራም የጎማ ክቦች ነው። እነዚህ ክቦች ልስላሴያቸው ሲያልቅ አውሮፕላኗ ስታርፍ የሚሰማው ድምፅ ከቁም ሣጥን መውደቅ አይለይም። ካፒቴኑ በአንድ ጉዟቸው፣ ሱቁን ሊዘጋ ዕቃውን ከሚያራግፍ ሽማግሌ ዘንድ የመጨረሻዎቹን አዳዲስ ክቦች አገኙ። ሣጥኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መጡና ግጠምልኝ አሉት።

አቶ ይቀመጥ ሣጥኑን ከፈተ። ጥቁር፣ ክብ፣ እንከን የለሽ፤ በላያቸው እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ተነስንሶባቸዋል። ሽታቸው አዲስ ነው። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

«የነበሩት ገና ናቸው፣ ካፒቴን» አለ፤ «እነዚህ ይቀመጡ።»

ካፒቴኑም እሺ አሉ። ጥፋቱ የጋራ ነው የሚባል ከሆነ የእሳቸው ድርሻ ይህች እሺታ ናት።

የነበሩት «ገና» እንደሆኑ ዓመታት አለፉ። የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ እያደረገ፣ አንዳንዴም ገልብጦ፣ ክቦቹን አገላብጦ አሠራቸው። ቁመታቸው ሲያጥር ከጭነት መኪና ጎማ የቆረጠውን ቁራጭ በመካከላቸው ሸጎጠ። ካፒቴኑ ባረፉ ቁጥር ጥርሳቸው ይጋጫል፤ ወገባቸውን ሰፊ ቀበቶ ማሰር ጀመሩ። አቶ ይቀመጥ ግን ጥፋቱን በማረፊያው ሜዳ ላይ ያላክክ ነበር። አዲሶቹን እንግጠም በተባለ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል፤ ክፉ ቀን ይመጣል፣ ያኔ ምን ልናደርግ ነው እያለ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። ክፉው ቀን እሱ ራሱ ቤት በሣጥን ታሽጎ እንደተቀመጠ ያወቀ አልነበረም።

ቤቱ ደግሞ ያፈሳል። የሚያፈሰው ከአልጋው በላይ፣ በሚስቱ በኩል ነው። አቶ ይቀመጥ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቀዳዳዎቹን በከመነዳሪ፣ በጎማ ውስጥ ላስቲክ ቁራጭ እየለጠፈ ይወርድና አፉን ሞልቶ «ጠግኜዋለሁ» ይላል። ዝናብ ሲመጣ ሚስቱ ድስቱን ትራሷ አጠገብ አስቀምጣ ትተኛለች። ጣሪያው ይቀየር ስትለው ቆርቆሮ ከገበያ ጠፍቷል ይላታል። ወጥታ በዓይኗ እንዳታይ ገላዋ ሞላ ያለ ነው፤ መሰላሉ ደግሞ አሮጌ ነው። አዲስ መሰላል አለ፤ ተቀምጧል።

እንግዲህ ከዕለታት በአንዱ ሚስቱ መላ መታች። አንተ የአውሮፕላን መካኒክ ነህ አይደለም እንዴ፣ አንድ ቀን አሳፍረኝና ጣሪያዬን ከላይ ልየው አለችው። መጀመሪያ ሳቀ። ወዲያው ግን መሳቋን ሲጠብቅ አልሳቀችም። በዕድሜዋ ሙሉ አውሮፕላን ላይ ወጥታ እንደማታውቅ፣ ባሏ ዕድሜውን ሙሉ አውሮፕላን ሥር ተጋድሞ እየዋለ እሷ የምታውቀው የቱታውን እድፍ ብቻ መሆኑን ነገረችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማና ቃል ገባላት፦ በእነዚህ ድንጋይ በሆኑት ላይ አንቺን አላሳርፍም፣ አዲሶቹ ጎማዎች የሚገቡ ቀን የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ አንቺ ነሽ አላት። ከልቡ ነበር። ከልቡ ባይሆን ኖሮ ሚስቱም ያን ሁሉ ዓመት ባልጠበቀችው።

ሣጥኑ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነበር። በካፒቴኑ ቤት አይጥ አለ፣ የጥገና ቤቱ ደግሞ ሙቀት አለው ብሎ እዚያ ያስቀመጠው ራሱ ነው። በዓመት አንዴ፣ ሥራ በማይገባበት ቀን ጠዋት ያወርደዋል። አልጋው ላይ ጋዜጣ ያነጥፋል። በመጀመሪያው ዓመት ያን እንዳይጣበቁ የተነሰነሰባቸውን ነጭ ዱቄት ሻጋታ ነው ብሎ በጨርቅ አንድ በአንድ ጠርጎ አስወገደው። ከዚያ የሚስቱን ቫዝሊን ያስመጣና ክቦቹን አንድ በአንድ፣ ውስጣቸውን ሳይቀር፣ አባቱ የደንበኛ ቦት ጫማ በሚቀቡበት እርጋታ ያሻቸዋል። ቅባቱ ጠልቆ ሲገባ፣ ጎማው ጠጥቶ ሲረካ ይታየዋል። መጠጣቱን በእርግጥም ጠጥቷል።

«ይሄም ቆዳ ነው እንዴ?» አለችው ሚስቱ አንድ ጊዜ፣ በሩ ላይ ቆማ።

«አንቺ ዝም ብለሽ ቫዝሊኑን አቀብዪኝ።»

ሰውየው በመካኒክነት ሥልጠናው ስለ ጎማ አልተማረም ማለት አይደለም። ተምሯል። ያን ዕለት ክፍል ውስጥ ነበር፣ ማስታወሻም ይዟል። ግን ከአስተማሪ ቃልና ከአባት እጅ የትኛው ይበልጣል ቢባል፣ እጁ መልሱን ሳይጠይቀው ወደ ቅባቱ ይሄዳል። በዚህ ላይ ክቦቹ ዓመት በዓመት ወፈር ያሉ ይመስሉት ነበር፤ ተስማማቸው አለ በልቡ።

የበረራ ፈቃድ የምታድሰው ተቆጣጣሪ የመጣችው ለተለመደው ምርመራ ነው። ወጣት ናት፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው፣ ባትሪ መብራቷን የማታበራበት ጉድጓድ የለም። የፊተኛውን እግር አስነስታ አየች። የጭነት መኪናውን ጎማ ቁራጭ በሁለት ጣቷ ይዛ አወጣችና ምን እንደሆነ ጠየቀች። ጎማ ነው አላት። የምን ጎማ እንደሆነ ስትጠይቀው ካፒቴኑ ሰማዩን መመርመር ጀመሩ። ከእንግዲህ በእነዚህ ክቦች አውሮፕላኗ አትበርም፣ አዲስ ካልገባላት ፈቃዷ አይታደስም ብላ ተነሣች።

አቶ ይቀመጥ በዚህ ጊዜ ፈገግ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቃት የኖረችው ቀን ይህች ናት። እስቲ አንድ ጊዜ ታገሡኝ ብሎ በካፒቴኑ መኪና ወደ ቤቱ ገሰገሰ። ለሚስቱ በሩ ላይ እንደቆመ፣ ያንን ደህናውን ቀሚስሽን አውጪ፣ ዛሬ ይገባሉ አላት። ሚስቱ የምታደርገው ጠፋት፤ የታጠበ ልብስ ይዛ እንደቆመች ቀረች። የእውነት ደስ ብሏት ነበር።

ሣጥኑን በጥገና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ክዳኑን አነሣ። ወረቀቱ አልላቀቅ አለው። ሲጎትተው ክቦቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አብረው ተነሡ። አብጠዋል፤ ጠርዛቸው ተንጠልጥሏል። ተቆጣጣሪዋ በአውራ ጣቷ ጫን ብትል ጣቷ ገብቶ ቀረ፤ ስታወጣው ጥቁር ዝልግልግ ነገር አብሮ ተከተለ። መሀረብ ፈለገች። ካፒቴኑ ወንበር ፈለጉ።

ከዚያ ካፒቴኑ ያን የሱቅ ሽማግሌ ይረግሙ ጀመር፤ የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጠልኝ አሉ። ተቆጣጣሪዋም ሊሆን ይችላል፣ ከፋብሪካው የተበላሸ ይኖራል አለች። ማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። አቶ ይቀመጥ አሥር ጊዜ ሊያልፍበት ይችል ነበር፤ ሽማግሌው ሞተዋል፣ ፋብሪካው ተዘግቷል፣ የሚከራከር የለም።

«እኔ ነኝ» አለ። «በየዓመቱ ቫዝሊን እቀባቸው ነበር።»

ተቆጣጣሪዋ መጥረጓን አቆመች። ጎማን በቫዝሊን? ቫዝሊን እኮ የነዳጅ ውጤት ነው፣ ጎማን ያቀልጣል አለችው፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ሕመምተኛ እንደምታነጋግር ሁሉ። እንዳይደርቁ ብዬ ነው አላት። ካፒቴኑ ለረጅም ጊዜ አዩት። ሊቆጡ ነው ተብሎ ሲጠበቅ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ እሳቸውም የለዩት አይመስልም። አቶ ይቀመጥ ግን አልሳቀም። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ምድር ደግሞ ጥሩ ኮንክሪት ተደርጎባታል።

ለአውሮፕላኗ የተገኘላት ዕጣ መጥፎ አልነበረም። በሌላ ከተማ ያለ የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ እየፈቱ የሚገጥሟት አንድ አውሮፕላን ይፈልግ ነበር። ትምህርት ቤቱ አጠገብ የሣር ሜዳ አለ። ተቆጣጣሪዋም የመጨረሻ አንዲት በረራ ፈቀደች፦ የጭነት መኪናው ቁራጭ ወጥቶ፣ አሮጌዎቹ ክቦች ባሉበት፣ ካፒቴኑ በዝግታ ሣር ላይ እንዲያሳርፏት። የፊቱ እግር ጫናው እንዲቀንስለት ግን ከኋላ ወንበር ላይ ክብደት ይኑር፣ ሁለት ጆንያ አሸዋ ይታሰር አለች።

አቶ ይቀመጥ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ደህናውን ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች። ነገሩን ሁሉ ነገራት፤ ቫዝሊኑንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ አሸዋውንም። ወቀሳ እየጠበቀ ወለሉን ያያል። ሚስቱ ግን የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው።

«አሸዋው ምን ያህል ይመዝናል?»

ነገሯ ወዲያው ገባውና ሞቼ ነው ቆሜ አለ። ክቦቹ ድንጋይ እንደሆኑ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያ እግር ቢታጠፍ አውሮፕላኗ በአፍንጫዋ ነው የምትተከለው። ይህንን ሁሉ ነገራት። ሌላ አውሮፕላን እፈልግልሻለሁ፣ ትንሽ ታገሺ፣ ልጃችን ስትመጣ አላት። ሚስቱ ቀሚሷን በእጇ ደህና አድርጋ አስተካከለች።

«እኔንም ልታስቀምጠኝ ነው?» አለችው። «በቫዝሊን?»



በበረራው ቀን ጠዋት አየሩ ጸጥ ያለ ነበር። ሁለቱ ጆንያ አሸዋ ክንፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሚስቱ ደግሞ ቦርሳዋን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። ካፒቴኑ አንድ ጊዜ ጆንያዎቹን፣ አንድ ጊዜ እሷን አዩና ምርጫቸውን በፊታቸው አሳወቁ። ተቆጣጣሪዋ ግን፣ እናቴ፣ እኔ ያልኩት አሸዋ ነው አለቻት።

«ልጄ፣ አሸዋው አይታዘዝም» አለች ሚስቱ። «ወደ ኋላ ደገፍ በይ ስባል እኔ ደገፍ እላለሁ።»

ተቆጣጣሪዋ የእግሩ ነገር እንደሚያሰጋ፣ ላይቀናም እንደሚችል በግልጽ ነገረቻት። ሚስቱም አውቃለሁ፣ እሱ ነግሮኛል አለቻት። ከዚያ ወጣቷ ወደ አቶ ይቀመጥ ዞራ፣ እነዚህን ክቦች የምታውቃቸው አንተ ነህ፣ አንድ ጊዜ ማሳረፍ ይችላሉ ወይ አለችው። ሰውየው ተንበርክኮ እንደገና ዳሰሳቸው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንድ ዕቃ ሲጠየቅ ዕቃውን ረስቶ ሰው አሰበ። ለአንድ ጊዜ፣ ከኋላ ክብደት ካለ፣ ሣር ላይ፣ ይችላሉ አለ። ተቆጣጣሪዋም ክብደቱ እንዳይንቀሳቀስ በደንብ ይታሰር አለችና ፊቷን አዙራ ስልኳን መነካካት ጀመረች።

የሚስቱን ቀበቶ ያሰረላት ራሱ ነው። ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሦስተኛ አሰረው፤ ሦስተኛውንም ሊፈታ ሲል እጁን ያዘችና በቃህ አለችው።

አውሮፕላኗ ተንደርድራ ተነሣች። አቶ ይቀመጥ አንገቱን አቅንቶ ያያል፤ ፈርቷል። አውሮፕላኗ ወደ ሰፈሩ ስትታጠፍ ግን ሌላ ነገር ድንገት ትዝ አለው፤ ክው ብሎ ቀረ። ከቤቱ ኋላ ያለችው የዕቃ ቤት ጣሪያዋ ሲሚንቶ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው። እዚያ ላይ፣ ካቻምና የገዛው አዲስ ቆርቆሮ ተነባብሮ ድንጋይ ተጭኖበት ተቀምጧል። ከመሬት ለማንም አይታይም። ከላይ የሚያይ ከፈጣሪ በቀር የለም፣ ፈጣሪም ለሚስቴ አይነግርም ብሎ ሳይሸፍነው ነበር የተወው።

አውሮፕላኗ ሰፈሩ ላይ አንድ ጊዜ ዞረች። ካፒቴኑ ሰው የሚወዱ ናቸውና፣ ድጋሚ ዞረችላት።

ስልኩ እስኪጮህ ድረስ ጥገና ቤቱ ውስጥ ላይ ታች ሲል ቆየ። ጆንያዎቹን ከክንፉ ሥር ወደ ግድግዳው ወሰዳቸው፣ ከግድግዳው ወደ በሩ መለሳቸው። ያን ያበጠ ጎማ ሣጥን አየውና በእግሩ ገፋው። አንድ ነገር ብትሆን የምቀባው የለኝም ብሎ አሰበ፤ ሐሳቡ ቂል መሆኑን ያውቃል፣ ግን እንባው መጣ። ስልኩ ጮኸ። ካፒቴኑ ናቸው። አረፍን፣ እግሯ ጸንታለች፣ ጥርሴ ብቻ ነው አሉት። ከዚያ ሚስቱ ቀረበች።

«ጣሪያውን አየሁት» አለችው።

«እሺ።»

«ቆርቆሮውንም አየሁት።»

ከጀርባዋ ነፋስና የሰው ድምፅ ይሰማል።

«ከላይ ሲያዩት ቤታችን እንዴት ያምራል መሰለህ» አለችው። «በአውቶቡስ እመጣለሁ።» ዘጋችው።

አቶ ይቀመጥ ወደ ቤቱ ሮጠ ማለት ይቻላል። አዲሱን መሰላል ከነገመዱ አወጣ፤ ገመዱን ሲፈታ ትንሽ አመመው። ከመነዳሪ ቁራጮቹን እየላጠ ጣለ፣ የዛገውን ነቀለ፣ አዲሱን ቆርቆሮ እየጎተተ አንድ በአንድ መታ። ቆርቆሮዎቹ ምንም አልሆኑም፤ ማንም ስላልቀባቸው ይመስላል። የጎረቤት ሰዎች ወጥተው ቆመው አዩት። እብደት ነው አሉ፣ ከዚያም ይበል አሉ።

ሚስቱ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ግቢው ስትገባ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ ላይ አየችው። ጉልበቱ ላይ አፉን በከፈተው ቱታ ተንበርክኳል። አንድ ቆርቆሮ ብቻ ቀርታለች፤ ንጹሕ፣ ጭረት የሌላት፣ ፀሐይ እያንጸባረቀችባት። በእጁ ይዞ ዳበሳት። የቀዳዳው ቦታ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ከወለቁት አሮጌዎች አንዷ ትበቃው ይሆናል። አፉን ከፈተ።

ሚስቱ ከታች ታየዋለች። 

አፉን መልሶ ዘጋ። ቆርቆሮዋን በቀዳዳው ላይ፣ በእሷ ትራስ በኩል ዘረጋት።

«ሚስማር አቀብዪኝ» አላት።